በሩ ይቆለፍ፣ ከውስጥም ይከፈት

ከአርባ ምንጭ ተነስቶ የሶዶን አስፓልት ይዞ ለሚጓዝ ሰው አባያ ሐይቅ በቀኙ፣ የጋሞ ተራሮች በግራው ናቸው። የኦቾሎ መንደር ከመንገዱ በላይ፣ ቋጥኝ በበዛበት ዳገት ላይ ሆና ሐይቁን ቁልቁል ታያለች። ሰዉ ለገበያ፣ ለሕክምና፣ ለትምህርትና ለጉዳይ ይወርዳል፤ መልሶም ይወጣል። እንደ ቀኑና እንደ አቅሙ በሚኒባስ፣ በቅጥቅጥ፣ በባጃጅ፣ በሞተር፣ አንዳንዴም ሙዝ በጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ይጓዛል። ይህ መመሪያ ስለ ተሽከርካሪው በርና መስኮት ነው። ብዙዎቻችን የበር ቁልፍን የምናስበው ከሌባ ጋር አያይዘን ነው፤ መኪናው ሲቆም እንቆልፋለን፣ ሲንቀሳቀስ እንረሳዋለን። የቁልፉ ትልቁ ጥቅም ግን መኪናው በሚሄድበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የሚሳፈሩበትን ማንኛውንም በር በሁለት ጥያቄ ይፈትኑት። መኪናው ሲንቀሳቀስ በራሱ፣ በግጭት ወይም በሕፃን እጅ ሊከፈት ይችላል ወይ? መኪናው ሲቆምስ ውስጥ ያለው ሰው የማንንም እርዳታ ሳይጠይቅ ሊከፍተው ይችላል ወይ? የመጀመሪያው መልስ «አይችልም»፣ የሁለተኛው «ይችላል» መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ፣ የመስኮቱም ጭምር፣ የሚመነጨው ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

በመጀመሪያ ውስጥ መቆየት ለምን እንደሚሻል መግባባት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት አገር ብዙ ተሳፋሪ በልቡ የያዘው ሌላ ሐሳብ አለ፦ ፍሬን እምቢ ካለ በሩን ከፍቶ መዝለል። ይህ ሐሳብ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካም ውስጥ ከመኪና ተወርውሮ መውጣት ያድናል የሚል እምነት ነበር። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአደጋ መረጃዎችን ሰብስበው ሲመረምሩ ያገኙት ተቃራኒውን ነው። ከመኪናው ተወርውሮ የወጣ ሰው ክፉኛ የመጎዳት ወይም የመሞት ዕድሉ ውስጥ ከቀረው ሰው አምስት እጥፍ ያህል ነበር። ፎርድ በ1956 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል መኪኖቹ ላይ በግጭት ጊዜ በቀላሉ የማይከፈት የበር መንጠቆ የገጠመው ከዚህ ጥናት በኋላ ነው። ዛሬም ቢሆን በአሜሪካ ሰው በሞተባቸው ግጭቶች ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ ከተወረወሩት ተሳፋሪዎች ከአምስቱ አራቱ ያህል ይሞታሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ውጭ የሚጠብቀው አስፓልት፣ ድንጋይ፣ የገደል ጠርዝና የሚገለበጠው ራሱ መኪናው ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ከዚያ ላይ ዘሎ የሚያርፍበት ለስላሳ ቦታ እንደሌለ ያውቃል።

ቁልፉ እዚህ ላይ የሚሠራው ሥራ ይህ ነው። በሩ ሲዘጋ መንጠቆው ብቻ ይይዘዋል፤ እጀታው በሽቦ ወይም በዘንግ ከመንጠቆው ጋር ስለተገናኘ፣ ግጭት ላሜራውን ሲያጣምመው እጀታው እንደተጎተተ ሆኖ በሩ ሊበረገድ ይችላል። የተሳፋሪ ክርን ወይም የዕቃ ማንጠልጠያም ሊጎትተው ይችላል። ሲቆልፉ በእጀታውና በመንጠቆው መካከል ያለው ግንኙነት ይቋረጣል። ለዚህ ነው የተዘጋ በርና የተቆለፈ በር አንድ ያልሆኑት። ይሁንና የተቆለፈ በር የደህንነት ቀበቶን አይተካም። ቀበቶ ያላሰረ ሰው በተቆለፈ በር ውስጥም በመስኮት ሊወጣ ይችላል። ሁለቱን አብረው ያድርጉ፤ አንዱን ብቻ ማድረግ የሚችሉ ከሆነ ግን ቀበቶውን ያስቀድሙ።

እንግዲህ ከመነሳትዎ በፊት ይጀምሩ። የአብዛኛው መኪና የበር መንጠቆ በሁለት ደረጃ ነው የሚይዘው። በሩ በቀስታ ሲገፋ የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ይይዝና ከሩቅ ሲያዩት የተዘጋ ይመስላል፤ ሲነኩት ግን ይንቀጠቀጣል፣ ከላሜራው ጋርም አይገጥምም። ስለዚህ ከዘጉ በኋላ ከውስጥ ወደ ውጭ በመዳፍዎ ገፋ ያድርጉት። ከተወዛወዘ ከፍተው እንደገና ይዝጉት፣ ከዚያ ይቆልፉ። የሻሽ ጫፍ፣ የነጠላ ጥለት ወይም የቀበቶ ማሰሪያ በበሩ መሃል እንዳልቀረ ይመልከቱ፤ ጨርቅ መንጠቆውን እስከ መጨረሻው እንዳይይዝ ሊያደርገው ይችላል። የቤት መኪና ካለዎት አራቱንም በሮች በወር አንድ ጊዜ ከውስጥም ከውጭም እየቆለፉና እየከፈቱ ይሞክሯቸው። የሐይቁ ዳር አቧራና የተራራው ዝናብ እየተፈራረቁ መንጠቆውን ያደርቁታል፤ ትንሽ ግራሶ ብዙ ችግር ያስቀራል። ሴንትራል ሎክ ያላቸው መኪኖች ብዙዎቹ ፍጥነት ሲጨምሩ ራሳቸው ይቆልፋሉ፤ የእርስዎ እንደሚቆልፍ ግን ሰምተው ሳይሆን አይተው ያረጋግጡ። ተገልብጦ በተጠገነ መኪና ላይ ይህ ሥርዓት ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ ይቀራል።

ሚኒባስ የራሱ ችግር አለው፤ ከሁሉም በላይ መነጋገር ያለብንም ስለሱ ነው። በሩ ተንሸራታች ስለሆነ ሐዲዱ ውስጥ ጠጠርና ጭቃ ይገባል፣ በሩ የሚንከባለልባቸው ትንንሽ ጎማዎች ያልቃሉ፣ ከዚያም በሩ እስከ መጨረሻው አይሄድም። ረዳቱ በኃይል ሲያላጋው ይዘጋል፤ በሚቀጥለው ጉብታ ላይ ሊለቅ ይችላል። በሩ ላይ ተደግፎ የሚቀመጠው ደግሞ ዘግይቶ የገባው ተሳፋሪ ወይም በትርፍ የተጫነው ነው። ከዚህ የባሰው የውስጥ እጀታው ጉዳይ ነው። በብዙ ሚኒባሶች ላይ የውስጥ እጀታው ተሰብሮ በገመድ ወይም በሽቦ ተተክቷል፤ በአንዳንዶቹም ከነጭራሹ የለም፤ ረዳቱ እጁን በመስኮት አውጥቶ በውጭው እጀታ ይከፍታል። እንዲህ ያለው በር በሁለቱም ጥያቄዎች ይወድቃል፤ በጉዞ ላይ ሊከፈት ይችላል፣ ሲቆም ደግሞ ውስጥ ያለው ሰው ሊከፍተው አይችልም። በአሮጌዎቹ የላዳ ታክሲዎች የመስታወቱ መዘወሪያ ከበሩ ተነቅሎ ሹፌሩ ጋር ሲቀመጥና ከእጅ እጅ ሲዘዋወር የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውሱ አሉ። ልማዱ ያው ነው፤ መውጫውን ተሳፋሪው ሳይሆን ባለመኪናው ይዞታል።

ሲሳፈሩ ታዲያ ሦስት ነገር ያድርጉ። ከመቀመጥዎ በፊት የውስጥ እጀታውን በዓይንዎ ይፈልጉ፤ ከሌለ መስኮቱ የሚከፈትበትና ከውስጥ የሚደርሱበት ቦታ ይምረጡ። መኪናው ሲንቀሳቀስ በሩ ክፍት ከሆነ ረዳቱን «በሩን ዝጋው፣ ከዚያ እንሂድ» ይበሉት፤ ሹፌሩም እንዲሰማ አድርገው ይናገሩ። «ወራጅ» ካሉ በኋላም መኪናው ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ከመቀመጫዎ አይነሱ። ረዳቱ ብዙ ጊዜ በሩን የሚከፍተው መኪናው ገና እየተንከባለለ ነው፤ ጊዜ ለመቆጠብ ነው ይላል። የሚቆጠበው ጊዜ ግን በጣም ትንሽ ነው፤ በዚያች ቅጽበት እግሩን ቀድሞ መሬት ላይ ያደረገ ሰው ግን ወደ ጎማው ነው የሚወድቀው። በሩን ክፍት አድርገን የምንሄደው ለሙቀቱ ብለን ነው የሚለውም መልስ አያሳምንም። ለነፋስ መስኮት አለ፤ መስኮቱ የማይከፈት ከሆነ የሚጠገነው መስኮቱ ነው። ባጃጅን በተመለከተ የሚቆለፍ በር ስለሌለው የመጀመሪያውን ጥያቄ አያልፍም፤ ልጅ ከያዙ መሃል ያስቀምጡት፣ ጠርዙ ላይ አዋቂ ይቀመጥ፣ ከመኪናው መንገድ በኩል ባለው ጎን አይውረዱ። የጭነት መኪና ጀርባ ደግሞ ጨርሶ መሳፈሪያ አይደለም። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም በሲዳማ ክልል ቦና ዙሪያ ወረዳ ሰርገኞችን የጫነ አይሱዙ ከድልድይ ወደ ወንዝ ገብቶ 71 ሰዎች ሞተዋል። ያንን ሐዘን ያየ አካባቢ ሁሉ ሰርግ ሲኖር «ሁሉም በአንድ መኪና ይሂድ» የሚለውን ልማድ ማቆም አለበት።

አሁን ትልቁን ተቃውሞ እንመልከት። በር ከተቆለፈ በእሳት ወይም በግጭት ጊዜ ሰው ውስጥ ይቀራል፣ አዳኞችም ሊደርሱለት አይችሉም ይባላል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ሁለተኛው ጥያቄ የተቀመጠውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን እንለይ። የተቆለፈ በር ማለት ከውስጥ የማይከፈት በር ማለት አይደለም። በብዙ መኪኖች የፊት በሮች የውስጥ እጀታው ሲጎተት፣ በአንዳንዶቹ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሲጎተት፣ ቁልፉም አብሮ ይለቃል፤ በሌሎቹ ቁልፏን በጣት ማንሳት በቂ ነው። ኤርባግ ያላቸው በርካታ አዳዲስ መኪኖችም ግጭት ሲደርስ በሮቹን ራሳቸው ይለቃሉ። የእሳት አደጋ ከመወርወር ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ በሩን ሳይቆልፉ መሄድ ለብርቅዬው አደጋ ሲዘጋጁ ለተለመደው መጋለጥ ይሆናል። ትክክለኛው መፍትሔ ቆልፎ መሄድና መክፈቻውን ማወቅ ነው። ሹፌር ከሆኑ መኪናው ቆሞ ሳለ ዓይንዎን ጨፍነው የበሩን ቁልፍ፣ እጀታውንና የቀበቶውን መፍቻ በእጅዎ ያግኙ። ከኋላ የሚቀመጡት ቤተሰቦችዎም እንዲሁ ይሞክሩት። አያትና አክስት በማያውቁት መኪና ውስጥ ሲቀመጡ ማሳየቱን አይናቁ፤ አዲስ ዓይነት እጀታ የሚያደናግረው እነሱን ብቻ አይደለም።

ከልጆች ጋር ሲሆኑ ሚዛኑ ይለወጣል። ከኋላ በሮች ጠርዝ ላይ፣ በሩ ሲከፈት ብቻ የምትታይ ትንሽ ማንሻ አለች፤ ስትዞር ወይም ስትወርድ የውስጥ እጀታው መሥራቱን ያቆማል፣ የውጭው ግን ይሠራል። የልጆች መቆለፊያ የሚባለው ይህ ነው። አሠራሩ ሁለተኛውን ጥያቄ እንደሚጥስ ግልጽ ነው፤ ልጁ ከውስጥ መክፈት አይችልም። ሆኖም የአራት ዓመት ልጅ መቼ መክፈት እንዳለበት መለየት ስለማይችል፣ ለእሱ የመጀመሪያው ጥያቄ ይቀድማል። የጎደለውን የሚሞላው ከፊት ያለው አዋቂ ነው፤ አደጋ ቢደርስ ወርዶ ከውጭ እንደሚከፍት አስቀድሞ ይወቅ። ማንሻዋን ካዞሩ በኋላ በሩን ዘግተው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ የውስጡን እጀታ በመጎተት ይፈትኑት፤ ከዚያ በውጭው እጀታ ይክፈቱ። አዋቂ ከኋላ ሲሳፈርም ይንገሩት፤ ሳይነገረው የቀረ ሰው በድንገት ሲደነግጥ በሩ ተበላሽቷል ብሎ ጊዜ ያባክናል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ መስኮት ደግሞ ሕፃን ያለበት ቤት ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነው። መስታወቱን ወደ ላይ የሚገፋው ሞተር የጎማውን መያዣ ጥብቅነት አልፎ መግጠም ስላለበት ጉልበቱ ብዙ ነው፤ የሕፃን አንገት ወይም ጣት ሲያገኝም ላይቆም ይችላል። በአሮጌ ሞዴሎች ላይ መቆጣጠሪያው ሲጫኑት መስታወቱን የሚያወጣ ስለሆነ፣ ክንድ ማሳረፊያው ላይ በጉልበቱ ቆሞ ወደ ውጭ የሚያይ ልጅ ሳያውቀው በራሱ ላይ ይዘጋዋል። በአሜሪካ ይህን የመሰለ መቆጣጠሪያ በሕግ ቀርቶ መስታወቱ የሚወጣው ቁልፉ ወደ ላይ ሲሳብ ብቻ እንዲሆን ተደርጓል። እኛ ጋ የሚነዱት መኪኖች ግን ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ በሹፌሩ በር ላይ ያለውን የመስኮት መከልከያ ቁልፍ ተጭነው ይሂዱ። መስታወት ከማውጣትዎ በፊት ዞር ብለው ይመልከቱ፣ «እጅ አስገቡ» ብለው መልስ ይጠብቁ። አንዳንድ መኪና መስታወቱ ነገር ሲነካ ወደ ታች ይመለሳል፤ ይህ ግን ብዙ ጊዜ የሚሠራው በአንድ ንክኪ ራሱ ሲዘጋ ብቻ ነው፣ መቆጣጠሪያውን በጣትዎ ይዘው ሲቆዩ ላይሠራ ይችላል። መፈተን ከፈለጉ በተጠቀለለ ወረቀት እንጂ በእጅዎ አይሞክሩት። ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን ሲወርዱ ቁልፉን ከመኪናው ይዘው ይውረዱ። ልጅ ጭንቅላቱንና ክንዱን በመስኮት እንዳያወጣ የሚባለውም ለወግ አይደለም፤ የሶዶ መንገድ ላይ ሙዝ ጭኖ የሚመጣው አይሱዙ ከብት ሲሸሽ ወደ እርስዎ መስመር ምን ያህል እንደሚጠጋ ያስቡ።

ስለ ሙቀት ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሰው በጣም የሚሳሳትበት እዚህ ላይ ነው። አርባ ምንጭና እንደ ላንቴ ያሉ የቆላ ቀበሌዎች በደረቁ ወራት ከ30 ዲግሪ በላይ ይሞቃሉ። ፍራፍሬ ለመግዛት ወይም ጉዳይ ለመጨረስ የወረደ ወላጅ ልጁ ስለተኛ ብቻ መኪና ውስጥ ይተወዋል፤ መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ከፍቶ ሕሊናውን ያሳርፋል። በ2005 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የታተመ ጥናት ይህን ቀዳዳ ለክቷል። ከ22 እስከ 36 ዲግሪ በሚደርስ ፀሐያማ ቀን የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት በአማካይ 22 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ ከዚህ ጭማሪ 80 በመቶው የሚመጣው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው፤ መስኮቱን በጥቂቱ መክፈትም ይህን ሙቀት በሚታይ ሁኔታ አይቀንሰውም። የሕፃን ሰውነት ከአዋቂ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ቶሎ ይሞቃል። ስለዚህ ሁሉንም ልጆች ይዘው ይውረዱ፤ ተኝተውም ቢሆን። ግቢ ውስጥ የቆመ መኪናም ሁልጊዜ ይቆለፍ፣ ቁልፉም ልጅ ከማይደርስበት ይሰቀል፤ ለጨዋታ ገብተው በሩን በራሳቸው ላይ የሚዘጉ ልጆች አሉና። የተዘጋ መኪና ውስጥ ብቻውን ያለ ልጅ ካዩ ባለቤቱን ፍለጋ ረጅም ጊዜ አያጥፉ፤ ሰው ይጥሩ፣ ልጁ ከደከመ ከእሱ የራቀውን የጎን መስታወት ይስበሩ።

መኪናው ሲጓዝ ግን መስኮት መከፈት አለበት፤ እዚህ ላይ ከተሳፋሪው ጋር መከራከር ይጠይቃል። በአውቶቡስም በሚኒባስም አንዱ ሲከፍት ሌላው «ብርድ ይመታናል» ብሎ ይዘጋል፤ ሕፃን ያቀፈች እናት ካለች ደግሞ ሁሉም ያግዛታል። የእናቲቱ ስጋት ከፍቅር የመጣ ነውና መከበር አለበት። ነገር ግን በሽታ የሚያመጣው የሚንቀሳቀሰው አየር ሳይሆን የቆመው ነው። ሰው የሚያስለው፣ የሚናገረውና የሚተነፍሰው በተዘጋ መኪና ውስጥ ተከማችቶ ሰዓታት ይቆያል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ከበዛባቸው 30 አገሮች ውስጥ ከሚዘረዝራቸው አንዷ ናት፤ ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ድረስ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ በተዘጋ መስኮት መጓዝ ማለት ይህን አየር ቀኑን ሙሉ መጋራት ነው። የሚያስማማው መንገድ ይህ ነው፦ ከፊት በአንድ ጎን፣ ከኋላ በሌላው ጎን ጥቂት ጥቂት ይከፈት፤ አየሩ ሰያፍ አልፎ ይወጣል፣ ፊት ላይ ግን አይመታም። ሕፃኑ በጋቢ ወይም በቡልኮ ደረቱና ጀርባው ይሸፈን፣ ፊቱ ግን አይሸፈን። ወደ ጨንቻና ዶርዜ ከፍታ ሲወጡ ጭጋጉ መስታወቱን ሲያደበዝዘው ደግሞ ይኸው ሰያፍ ቀዳዳ እንፋሎቱን ያወጣዋል፤ ሹፌሩ በእጁ እየጠረገ ከሚነዳ ይሻላል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ። ዕቃ በዝቶ የኋላው በር ክፍት ሆኖ ከታሰረ የጭስ ማውጫው ጭስ ተስቦ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድም አብሮ ይገባል። ዕቃውን ይቀንሱ፣ ወይም ፖርቶ መጋላ ላይ ይጫኑት፣ የኋላውን በር ግን ይዝጉ።

ከጋሞ ተራሮች ወደ አባያ የሚወርዱት እንደ ሐሬና ባሶ ያሉ ወንዞች በሚያዝያና በግንቦት ዝናብ በድንገት ይሞላሉ፤ ትንንሾቹ ጅረቶችም አስፓልቱን አልፈው ሊፈሱ ይችላሉ። ጎርፍ ውስጥ አይግቡ። 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ውኃ ትንሽ መኪና ማንሳት ይችላል፣ 60 ሳንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። መኪናው ውኃ ውስጥ ከገባ ግን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጎርደን ጊስብሬክት ለዓመታት ያጠኑት እንደሚያሳየው መኪና በአብዛኛው ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ይንሳፈፋል፤ መውጣት የሚቻለውም ያን ጊዜ ነው። ቀበቶ ይፍቱ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ልጆችን ያውጡ፣ ከዚያ ይውጡ። ስልክ አይደውሉ። በሩን ለመክፈት አይታገሉ፤ የውኃው ግፊት ይይዘዋል፣ ከተከፈተም ውኃው በአንዴ ይሞላል። በዚህ ጊዜ ሁለተኛውን ጥያቄ የሚመልሰው መስኮቱ ነው። መስታወቱ እምቢ ካለ የጎኑን መስታወት በሹል ብረት ጥጉ አካባቢ ይምቱት፤ የጎን መስታወት በብዛት የጠነከረ ስለሆነ በአንድ ነጥብ ሲመታ ሙሉ በሙሉ ይፈረካከሳል። የፊተኛው ግን በመሃሉ ስስ ፕላስቲክ ስላለው ይሰነጠቃል እንጂ አይበሳም። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች የጎኑም እንደ ፊቱ ነው፤ በ2019 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ከተፈተኑት መስታወት መስበሪያዎች ውስጥ እንዲህ ያለውን የሰበረ አንድም አልነበረም። ስለዚህ መስታወቱ ጥግ ላይ የታተመውን ምልክት ያንብቡ ወይም መካኒክዎን ይጠይቁ፤ መስበሪያውንም ኮፈን ውስጥ ሳይሆን ሹፌሩ በሚደርስበት ቦታ ያስሩት።

ሲወርዱም በሩ አደገኛ ነው፤ በዚህ ጊዜ ለውጭው ሰው። አርባ ምንጭ ብስክሌት፣ ሞተርና ባጃጅ የበዛባት ከተማ ናት፤ በሩን በድንገት የሚከፍት ሰው ብስክሌተኛውን ወደ መኪናው መንገድ ይጥለዋል። ተሳፋሪ ሁልጊዜ በቀኝ፣ በእግረኛው በኩል ይውረድ። ሹፌሩ በግራ መውረድ ስለሚኖርበት በስፖኪዮ ካየ በኋላ በሩን በቀኝ እጁ፣ ማለትም ከበሩ በሚርቀው እጁ ይክፈተው። እንዲህ ሲያደርግ ሰውነቱ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ዓይኑም ሳያስበው ከኋላ የሚመጣውን ያያል። በኔዘርላንድ የተለመደው ይህ አከፋፈት በ2022 (እ.ኤ.አ.) የብሪታንያ የመንገድ ሕግ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል። ልጆች ከልጅነት ቢለምዱት ዋጋ አያስከፍልም።

መኪናውን አቁመው ሲሄዱ መስኮቶቹን ይዝጉ፣ ይቆልፉ። በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክና በከተማው ጫፍ ባለው ደን አቅራቢያ ዝንጀሮዎች የሚበላ ነገር ካዩ በተከፈተ መስኮት ይገባሉ፤ ሰው ውስጥ ሳለ ከገቡም ይነክሳሉ። ጭነት እየጠበቁ ጋቢና ውስጥ የሚያድሩ ሹፌሮችና ረዳቶች ሞተር አስነስተው መስኮት ዘግተው አይተኙ፤ የጭሱ መርዝ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰውን አይቀሰቅስም። በሌላ በኩል መስኮት ከፍተው ሲያድሩ ሐይቁ ዳር ወባ አለ። መፍትሔው አሮጌ አጎበር ቆርጦ በመስኮቱ ፍሬም ላይ ጥብቅ አድርጎ መወጠርና በሮቹን መቆለፍ ነው፤ አየሩ ይገባል፣ ትንኟ አትገባም።

በጥር 2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። በአንዳንዶቹ የበሩ እጀታ ራሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ከተበላሸች በሩ ላይከፈት ይችላል። ለዚህ ሲባል በእጅ የሚጎተት ሌላ መክፈቻ ይኖራል፤ የፊቱ በቀላሉ ይታያል፣ የኋላው ግን ምንጣፍ ሥር ወይም የበሩ ኪስ ውስጥ ሊደበቅ ይችላል። ቻይና በ2025 (እ.ኤ.አ.) በሮች በእጅ የሚሠራ መክፈቻ እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ረቂቅ ደረጃ ያወጣችው ጉዳዩ ስላሳሰባት ነው። እንዲህ ያለ መኪና ሲገዙ ስለ ባትሪው ዕድሜ ከመጠየቅዎ በፊት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው «መብራት ቢጠፋ በየት እወጣለሁ?» ብለው ይጠይቁ፣ ሻጩም እንዲያሳይዎት ያድርጉ።

የቤት መኪና ያለው ሰው ይህን ሁሉ ብቻውን ማድረግ ይችላል። የሚኒባስ ተሳፋሪ ግን አይችልም፤ አንድ ሰው ስለ በሩ ሲናገር ይንገላታል፣ ሌሎቹም ቶሎ ለመድረስ ብለው ዝም ይላሉ። በዚህ ረገድ ኦቾሎ ከብዙ ቦታ ይልቅ ዕድለኛ ናት። ጋሞዎች ጉዳያቸውን በዱቡሻ፣ ማለትም በሸንጎ አደባባይ፣ ተቀምጠው ሲመክሩ ኖረዋል፤ ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ በ1983 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው መጽሐፍ የሚያጠናው የኦቾሎን ሸንጎዎች ነው። የበሩ ጉዳይም እዚያ ሊቀርብ ይችላል፦ ወደ ኦቾሎ የሚሠራ ሚኒባስ ሁሉ የሚሠራ የውስጥ እጀታ ይኑረው፣ ቢያንስ በየጎኑ አንድ መስኮት ከውስጥ ይከፈት፣ በሩ ሳይዘጋ መኪናው አይንቀሳቀስ። ባለመኪናዎች የመለዋወጫ ውድነትን ያነሳሉ፤ ቅሬታው እውነት አለው፤ ግን እጀታና ሐዲድ ከጎማና ከፍሬን ሸራ ጋር ሲነጻጸሩ ትንሽ ወጪ ናቸው። ፍተሻው ጠዋት ተራ ከመያዙ በፊት ይደረግ። አንድ ሰው ውስጥ ይግባ፣ በሩ ከውጭ ይዘጋ፣ ውስጥ ያለው በአንድ እጁ ከፍቶ ይውጣ። መውጣት ካልቻለ ያ ሚኒባስ እስኪጠገን ተራውን ለሚቀጥለው ይልቀቅ።